ስትመለስ የምታገኘው ፊት

ሰኞ፣ የካቲት 4 ቀን 1988

የአሶሳ ቢሯችን ሠሌዳ መጣ። ግማሹ ብቻ። “የመዛግብትና ንብረት ማስተባበሪያ” ይላል። “ጽሕፈት ቤት” የሚለው በሚቀጥለው መኪና ይመጣል ተብሏል። ክልሉ አዲስ፣ ቢሮው አዲስ፣ ኃላፊው አዲስ። አሮጌ ነገር ቢኖር እኔና የጽሕፈት መኪናዋ ነን። እሷም “ለ”ን አትመታም። ደብዳቤ ደግሞ ሁሉም በ“ለ” ነው የሚጀምረው! ቀኑን ሙሉ “ለ” በእጄ ስጨምር ዋልኩ።

ወንበር አራት፣ ሠራተኛ ሰባት። ቀድሞ የገባ ይቀመጣል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ብደርስም ጋሽ ማህጁብ ቀድሞኝ ተቀምጧል። የቢሮው ተላላኪ ነው፤ የቤት አከራዬም እሱው። ቢሮ ውስጥ እኔ አዘዋለሁ፣ ግቢ ስንገባ እሱ ያዘኛል። ረመዳን ይዟልና ውሃ እንኳ ሳይቀምስ ወረቀት ተሸክሞ ሲመላለስ ይውላል። እኔ ጠግቤ ደከመኝ።

ምሳ ላይ ልጄ ሩሐማ እንደገና ሄደች። “ሄደች” ነው የምንለው… ሌላ ስም የለውም። ማንኪያዋን አፏ አጠገብ አድርሳ ቀጥ። ዓይኗ ክፍት፣ ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። ጠራኋት። የለችም። ከዚያ ማንኪያዋን ጎረሰችና ወሬዋን ካቆመችበት ቀጠለች። “…ከዚያ ፍየሏ ሻሿን በላችው።” እኔና ባለቤቴ ለተማርያም ተያየን። 

አራት ዓመት ተኩል ናት። ከገና ወዲህ ነው የጀመራት። ጎረቤቱ ሁሉ ትላትል ነው አለን፣ ሽሮፕ ጠጣች። ትል ከነበረ እሱ ሄዷል። እሷም መሄዷን አልተወችም።

ዓርብ ሆስፒታል።


ዓርብ፣ የካቲት 8

ዶክተር ኢዘዲን ይባላል። ወጣት ነው፤ እንደ እኛው ተመድቦ የመጣ። ጉልበቷን በትንሽ መዶሻ መታ፣ ዓይኗን በባትሪ አየ፣ በእግር ጣቷ አስሄዳት። ከዚያ ወረቀት ቀዶ በጣቱ አንጠለጠለና “ንፊው፣ ሳታቋርጪ ንፊው” አላት። ይህ ነገር አንዳንዴ ያመጣዋል አለን። ነፋች፣ ነፋች። እኛ ትንፋሻችንን ይዘን እንጠብቃለን። ልጃችን እንድትታመም ስንጸልይ! አልመጣም። ቤት ውስጥ በቀን አራት ጊዜ የሚመጣ ነገር ሐኪም ፊት ጨዋ ሆነ።

“ትንሽዬ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። አንዳንድ ልጅ ሲያስብ ይፈዛል።”

“የቱ ነው ታዲያ ዶክተር?”

“አሁን አላውቅም።”

ሐኪም “አላውቅም” ሲል ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ ካርዷ ላይ የበሽታው ስም በሚጻፍበት ቦታ የጥያቄ ምልክት አደረገ። ብቻውን። ጥያቄው እንኳ የለም፣ ምልክቱ ብቻ።

አሥራ አራት ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ርዕስ የሌለው ፋይል አላጋጠመኝም። የጠፋች በቅሎ እንኳ ርዕስ አላት።

“ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ስንት እንደሚቆይ፣ ምን እንደምታደርግ ጻፉልኝ” አለ። “ሐሙስ ግንቦት 8 ተመለሱ። ከወደቀች ወይ ከተንቀጠቀጠች ቀጠሮ አትጠብቁ፣ ያኔውኑ ኑ። ውሃና እሳት አጠገብ ብቻዋን አትሁን።”

ውሃና እሳት ሲል ለተማርያም ክንዴን ያዘችኝ። “ጻፉ” ሲል ግን፣ ልዋሽ አልችልም፣ ልቤ ቀለል አለኝ። መጻፍማ ሥራዬ ነው።


ቅዳሜ፣ የካቲት 9

ፋይል ከፈትኩላት። ከቢሮ ያመጣሁት ማቀፊያ ነው። በማስመሪያ ዓምድ አሰመርኩ፤ ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የቆየበት ጊዜ፣ ምርመራ። ልማድ ሆኖብኝ ቁጥርም ሰጠሁት፤ መ/1/88። ርዕሱ ላይ ተቸገርኩ። “የሩሐማ ቸሩ” ብዬ መጻፍ… እጄ እምቢ አለኝ። “የመፍዘዝ ክትትል” አልኩና ዘጋሁት።

ለተማርያም ከጀርባዬ መጥታ አነበበችው።

“ለልጅህ ፋይል ከፈትክላት?”

“ታዲያ ምን ላድርግ?”

“ብታቅፋትስ?”

አቀፍኳት። መጀመሪያ ግን ቁጥሩን አድርቄ ነው፤ ቀለሙ እርጥብ ነበር።


ሐሙስ፣ የካቲት 14

ዒዱ አለፈ። እኛ ጾም ይዘን፣ እነ ጋሽ ማህጁብ ፈትተው። ባለቤቱ ኢንዓም ለሩሐማ ከረሜላና አዲስ የጸጉር ጨርቅ አምጥታ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ረጅም ጊዜ አየቻት።

“ኡስታዛ” አለቻት ለተማርያምን፤ አስተማሪ ስለሆነች ነው። “ይሄ የሰው ዓይን ነው። ፈቂ ቁርኣን በሉሕ ይጽፋል፣ ያጥበዋል፣ ልጁ ይጠጣል። ኢንሻአላህ ይለቀዋል።”

ፈቂ የቁርኣን መምህሩ ነው፤ ሉሕ ማለት ልጆች የሚማሩበት የእንጨት ሠሌዳ ነው። የለተማርያም እናት ደግሞ ከደብረ ማርቆስ ጽፈዋል፤ ጠበል። ንብረት ክፍል ያለው ሙላው ሙቀቱ ነው ይላል። ስጋ ሻጩ ደም ማነስ ነው ይላል። ጋሽ ማህጁብ ብቻ፣ “ልጅ ያስባል” ይላል። “ሀገር አዲስ ነው፣ ቢሮ አዲስ ነው። ልጅም ያስባል።”

የአገሩ ሰው ሁሉ ያውቃል። የማያውቀው ሐኪሙ ብቻ ነው።


ዓርብ፣ የካቲት 22

እስካሁን ሃምሳ አንድ። አጭሩ ስድስት ሰከንድ፣ ረጅሙ አሥራ ስምንት።

ግን አንድ ሐሳብ መጣብኝ። “አንዳንድ ልጅ ይፈዛል” ብሎ የለ? ሰው ሁሉ ስንት ይፈዛል ታዲያ? ማነጻጸሪያ ያስፈልጋል። ሁለተኛ ገጽ ከፈትኩ።

ሙላው፣ ሻይ እየጠጣ፦ አሥራ አንድ ሰከንድ። ጋሽ ማህጁብ፣ በር ላይ ቆሞ፦ ሃያ። የኢንዓም ትልቁ ልጅ፦ ዘጠኝ፤ ሲነኩት ግን ይነቃል። የኢንዓም ፍየል፦ ሁለት ደቂቃ ከአሥር፣ ብጠራትም አልመለሰችም። (ተሰርዟል።) አቶ ሐ.፣ የሠሌዳውን ጉዳይ በተነጋገርንበት ስብሰባ ላይ፦ አርባ ሰከንድ። ዓይን ክፍት። ሲጠሩት “ይጠና” ብሎ ነቃ።

አቶ ሐ. አቶ ሐምዳን ነው፣ ኃላፊያችን። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ሸርቆሌ ተወልዶ አስተማሪ የነበረ፤ ከአራት ወር በፊት ወንበሩ ላይ አስቀመጡት። ስሙን ሙሉ አልጻፍኩም። እብድ አይደለሁም።


ረቡዕ፣ መጋቢት 4

“ዛሬስ?”

“ምንም።”

አሥር ቀን ሆነ ለተማርያም “ምንም” ስትለኝ። እኔ ቤት ስሆን አራት፣ አምስት። እሷ ስትሆን ዜሮ። ልጅቷ እኔን ስታይ ነው እንዴ የምትታመመው?

ይህንኑ ጠየቅኋት። ባልጠየቅኋት ይሻል ነበር።

“አንተ ልጅ አታይም” አለችኝ። “ሰዓት ነው የምታየው። እራት አቅርቤልህ ሰዓትህን ሳህኑ አጠገብ ታስቀምጣለህ። ልጅቷ ስታስነጥስ ትጽፋለህ!”

“ሐኪሙ ጻፉ አለን…”

“ኑሩ አላለንም?”

 ከዚያ ወዲህ ጨው አቀብለኝ፣ ጨው እንኪ ነው። ሌላ ወሬ የለንም።

ፈርቻለሁ። እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ? አንድ ቀን ሄዳ የማትመለስ እየመሰለኝ ነው የምቆጥረው። ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት… ቁጥሩን የያዝኩት እሷን የያዝኩ እየመሰለኝ። ለለተማርያም ይህን መንገር አልችልም። ትደነግጣለች።


ሐሙስ፣ መጋቢት 12

ፋይሉ የለም።

ትናንት ለዶክተሩ በጽሕፈት መኪና ልገለብጠው ቢሮ ወስጄው ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ… ወይስ ሳጥኑ ላይ? ሁሉንም ገለበጥኩ። ሙላውን ከወንበሩ አስነስቼ ሥሩን አየሁ። ወንበሩን ወዲያው ሌላ ሰው ወሰደበት፣ እስካሁን አኩርፏል።

ሠላሳ አራት ቀን የጻፍኩት። ዶክተሩ ከእኛ የጠየቀው እሱን ብቻ ነው።


ዓርብ፣ መጋቢት 13

ጋሽ ማህጁብ ነው። ጥፋት ግን የለበትም፤ ይህ ነው የሚያናድደው።

“አቶ ቸሩ፣ ወላሂ እኔ ወረቀት አልጣለም! ወጪ ሳጥን ላይ ነበረ። ቁጥር አለው፣ ርዕስ አለው። ወጪ ከሆነ እኔ ያደርሳል። ለኃላፊ አደረሰ። ፈርሟል!”

ማስረከቢያ መዝገቡን ገልጦ አሳየኝ። እውነት ነው። ወጪ ሳጥን ላይ ያስቀመጥኩት እኔው። አሥራ አራት ዓመት ሌላውን ሰው “ገቢና ወጪ አትቀላቅል!” እያልኩ ስጮህ የኖርኩት እኔው።

አቶ ሐምዳንን ደግሞ አንድ ሰው “የላይኛው አካል ነው የላከው” ብሎታል መሰለኝ። ቁጥር ያለው፣ ዓምድ የተሰመረበት ነገር ከላይ ካልሆነ ከየት ይመጣል? በዚህ ሰሞን በየቀኑ አንድ መመሪያ ይወርዳል፣ “ይህ ምንድነው?” ብሎ የሚጠይቅ ሹም ደግሞ የለም። ያላወቀ ይመስልበታላ! መጀመሪያውን ገጽ አይቶ መራበት፦

“ለባምባሲ ቅርንጫፍ፦ በዚሁ መሠረት ተፈጽሞ በአስቸኳይ ሪፖርት ይደረግ።”

ማህተም። ፊርማ። ትናንት ከሰዓት በላንድ ክሩዘሩ ወጥቷል።

ሁለተኛውን ገጽ አላየውም ማለት ነው። እስካሁን።


ሰኞ፣ መጋቢት 16

ባምባሲ ደወልኩ። መስመሩ የወፍጮ ድምፅ አለው።

“መ/1/88 ደርሷችኋል?”

“ደርሷል።”

“ስሕተት ነው፣ መልሱልኝ!”

“ምን?”

“መልሱልኝ!”

“እየፈጸምን ነው!” አለችኝ አንዲት ሴት፤ ተቋረጠ።

እየፈጸምን ነው? ምኑን?


ዓርብ፣ መጋቢት 20

“ፋይል ለማስተካከል” ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁ፤ ውሸትም አይደለም። በአይሱዙ ጭነት ላይ ተንጠልጥዬ ባምባሲ ገባሁ። ጆሮዬ ውስጥ ሳይቀር አቧራ ሞልቶ።

የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ደራርቱ ይባላሉ። ግዙፍ ሴት ናቸው፤ መነጽራቸው በክር ታስሮ አንገታቸው ላይ ተንጠልጥሏል። ከአሶሳ መምጣቴን ሲሰሙ ሳልቀመጥ ጀመሩኝ።

“ጥሩ መጣህ። መመሪያችሁ ግልጽ አይደለም። መፍዘዝ ከስንት ሰከንድ ጀምሮ ነው? ለሚጠባ ልጅ ይሠራል? ማንን ልጠይቅ?”

ፋይሌ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ወፍሯል። አሥራ ሰባት የባምባሲ ልጅ በስም፣ በዕድሜ፣ በሰከንድ ተመዝግቧል። ስድስቱም የቅርንጫፉ ሠራተኞች ተመዝግበዋል። “ተራ ቁጥር ሃያ ሦስት እኔ ነኝ” አሉኝ። “ሠላሳ ሁለት ሰከንድ። የቆጠረኝ ዘበኛው ነው።”

ሳቅ መጣብኝ። ሳቅሁ። ከሳቁ ኋላ ሌላ ነገር መጣ፤ ላቆመው አልቻልኩም። የማላውቃቸው ሴት ፊት፣ ቆሜ፣ በጠራራ ፀሐይ አለቀስኩ።

“መመሪያ አይደለም” አልኩ። “የመጀመሪያው ገጽ… ልጄ ናት።”

“አውቄዋለሁ” አሉኝ፣ ወንበር እየገፉልኝ። “‹ምርመራ› በሚለው ዓምድ ‹እግዚኦ› ብሎ የሚጽፍ መመሪያ የት አገር አለ?”

“ታዲያ ለምን ፈጸሙት?”

“ምሪት አለበታ! ምሪት ምሪት ነው።”

ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። “የኔዋም እንዲሁ ነበረች። እንጀራ ይዛ ቀጥ ትላለች። ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ። ከዚያ ተዋት፤ አሁን ስምንተኛ ክፍል ናት። ያንተዋን ይተዋት አይተዋት እኔ እንጃ፣ አልዋሽህም። እኔ የማውቀው ራሴ የሆንኩትን ነው።”

“ምን ሆኑ?”

“ደረቅሁ ነዋ! አምስት ዓመት እሷን ሳይ እኔን ማን አየኝ? ከባሌ ጋር አንድ ቤት ውስጥ ሁለት ዘበኛ ሆነን ኖርን። ሚስት አለችህ?”

“አለችኝ።”

“ትስቃለች?”

አላስታወስኩም። ምሳ አበሉኝ። ስነሳ ፋይሉን ላነሳ እጄን ዘረጋሁ። መዳፋቸውን ጫኑበት።

“ገቢ ሆኗል። ያለ ወጪ አይወጣም። ከሪፖርቱ ጋር ለኃላፊህ እልከዋለሁ።”

 እኔም በቦታቸው ብሆን አልሰጥም ነበር።


እሑድ፣ መጋቢት 22

ለለተማርያም ሁሉንም ነገርኳት። ወጪ ሳጥኑን፣ ምሪቱን፣ አሥራ ሰባቱን ልጆች። “ዘበኛው ነው የቆጠረኝ” ጋ ስደርስ ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ መሬት ላይ ተቀምጣ። ሩሐማም ምን እንደሆነ ሳታውቅ አብራ ሳቀች። ስንት ወር ሆነን?

እንባዋን ጠራርጋ፣ “ፋይሉ ባይመለስስ?” አለች።

“ዶክተሩ ፊት ባዶ እጃችንን ነዋ።”

ተነስታ ከቦርሳዋ የስም መጥሪያ መዝገቧን አወጣች። የሁለተኛ ሐ ክፍል። አርባ ስምንት ተማሪ። ከታች፣ አርባ ዘጠነኛ፣ ሩሐማ ቸሩ። ተማሪዋ አይደለችም እኮ! በየቀኑ ትይዩ “ቀሪ”፣ “ቀሪ”፣ “ቀሪ”… አንዳንዱ ቀን ሦስት፣ አንዳንዱ አምስት። “ምንም” ባለችኝ ቀን ሁሉ።

“ለምን ዋሸሽኝ?”

“እህል እንድትበላ ነዋ። አምስት ካልኩህ አትበላም።”

“አንቺስ?”

“እኔማ ትምህርት ቤት አለቅሳለሁ። የጠመኔ አቧራ ነው እላቸዋለሁ።”

እኔ እንዳትደነግጥ ፍርሃቴን ደብቄያት፣ እሷ እንድበላ ቁጥሩን ደብቃኝ። የሚጽፍ ባልና የምትጽፍ ሚስት በአንድ ጣሪያ ሥር ሁለት መዝገብ! “እኔም እፈራለሁ” አልኳት። “የማትመለስ ይመስለኛል።” እጄን ያዘችኝ። “እኔም” አለች። ይህችን ቃል ለማውጣት ባምባሲ ድረስ መሄድ ነበረብኝ?


ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 8

ከፋሲካ በኋላ ስንገባ ሪፖርቱ ደርሷል። ጋሽ ማህጁብ ከፍቶ አላነበበም፤ አያነብም። ግን ፊቴን አይቶ ፖስታውን ደረቱ ላይ ያዘው።

“አቶ ቸሩ፣ ይሄ ወረቀት ለአንተ መጥፎ ነው?”

“ነው ጋሽ ማህጁብ።”

አሰበ። “የኔ እግር ዛሬ ያማል። ቀስ ብሎ ይሄዳል።” ሃያ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ በግማሽ ሰዓት ሄደው። አላህ ይስጠው። ግን ደረሰ፤ ተጠራሁ።

አቶ ሐምዳን ፋይሉን ገልጧል። ሁለተኛው ገጽ ላይ።

“ይሄ ‹አቶ ሐ.› ማነው?”

 እሱ መልስ ሳይጠብቅ ወደ መስኮቱ ዞረ። የቀርከሃው አጥር፣ ከአጥሩ ወዲያ መንገዱ… ዓይኑ እዚያ ቀረ። አመል ነው፣ በልቤ ጀመርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…

“ስንት ሆነ?” አለኝ ሳይዞር።

“አልቆጠርኩም ጌታዬ።”

“ቆጥረሃል።”

“…ሃያ ስድስት።”

በሳቅ ፈነዳ። ኃላፊ ሲስቅ አብሮ መሳቅ ይገባል ወይስ አይገባም? መመሪያ የለም። ግማሽ ሳቅ ሳቅሁ።

“ስብሰባ ላይ የት ነው የምሄደው፣ ልንገርህ? ሸርቆሌ። አባቴ ማሳ ላይ። ማሽላ ደርሷል፣ እኔ ልጅ ነኝ፣ ወፍ እጠብቃለሁ። እዚያ ስሆን ‹ኃላፊው ምን ይላሉ?› ይሉኛል። የተባለውን አልሰማሁም። ‹ይጠና› እላለሁ።” ሳቁን ዋጠው። “ልጅህ ግን… እሷ የት እንደምትሄድ ነግራሃለች?”

አልነገረችኝም። ጠይቄያትም አላውቅ። ስንት እንደምትቆይ እንጂ የት እንደምትሄድ የሚል ዓምድ የለኝም።

እስክሪብቶውን አነሳና መራበት፦ “ፋይሉ ለባለቤቱ ይመለስ። አቶ ቸሩ ግንቦት 8 ቀን ፈቃድ ተሰጥቶታል።” ማህተም አደረገበት። በር ላይ ስደርስ ጠራኝ። “‹አቶ ሐ.›ን ሰርዝ።”


ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 19

ማንጎው ደርሷል። ልጆቹ ሁሉ ከጋሽ ማህጁብ ዛፍ ሥር አፋቸው ቢጫ ሆኖ። እኔ አጥሩን እየጠገንኩ እሰማለሁ። የኢንዓም ልጅ አባቱ ሁለት ኩንታል እንደሚያነሳ ይናገራል። ሩሐማ አላስቻላትም።

“የኔ አባት ይዘላል!”

“ወዴት?”

“በሩ ላይ ነው። ከዚያ ሳላየው እዚህ ነው! አፍንጫዬ ላይ!”

ቀርከሃውን ጣልኩት። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ። “መቼ ነው የምዘለው?”

“ሁልጊዜ። እማዬም ትዘላለች። አንተ ግን ትበልጣለህ።”

“አንቺስ ያኔ የት ትሄጃለሽ?”

“የትም!” እንደ ሞኝ አየችኝ። “እኔ እዚሁ ነኝ። እናንተ ናችሁ የምትዘሉት።”

ለካ እሷ ዘንድ ምንም የለም። አባቷ በሩ ላይ ነው፣ ወዲያው ፊቷ ላይ ነው። መሐሉ ተቆርጦ ወድቋል።

“ስትዘል ፊትህ እንደዚህ ነው” አለችና አሳየችኝ። ዓይኗን አፈጠጠች። ግንባሯን ቋጠረች። ከንፈሯን ወደ ታች ጎትታ፣ ማንጎ በተቀባ አገጯ… የለቅሶ ቤት ፊት። የኢንዓም ልጆች በሳቅ ተንከባለሉ።

“ሁልጊዜ እንደዚህ?”

“ሁልጊዜ። ምን ሆነህ ነው አባዬ?”

እኔ ከዚያ ወዲህ አጥር አልጠገንኩም። በቀን አራትና አምስት ጊዜ ልጄ የምትመለሰው ወደዚያ ፊት ነው። እሷ ምንም አልሆነችም፣ አባቷ ግን አስፈሪ ነገር እንዳየ አፍንጫዋ ላይ ይቆማል። ማን አሳመማት ታዲያ? እሱ ያለ ስም የተቀመጠው ነገር ወይስ እኔ?


ሐሙስ፣ ግንቦት 8

ፋይሉንም ስም መጥሪያውንም ይዘን ቀረብን። ዶክተር ኢዘዲን ገጹን ገለጠ፣ ገለጠ።

“ይህ ‹የባምባሲ ቅርንጫፍ› ምንድነው?”

ነገርኩት። ወንበሩ ላይ ተደግፎ ሳቀ፣ ከዚያ አሥራ ሰባቱንም አንድ በአንድ አነበበ። “እነዚህ ሲነኳቸው ይነቃሉ። የእናንተዋ አትነቃም። ጥሩ ነገር ነው የሠሩልኝ።” ስለ መዝለሉ ስነግረው ግን ብዕሩን አነሳ። “ይህን በደንብ ድገምልኝ። ከሰከንዶቹ ሁሉ ይኼ ይጠቅመኛል።” ስንት ወር ቆጥሬ! የሚጠቅመው ከማንጎ ዛፍ ሥር ነበር።

ወረቀት አስነፋት። አሁንም አልመጣም። ጨዋ።

“ወደዚያኛው ያጋድላል፣ የሚጥለው ዓይነት” አለ። “ግን እርግጠኛ አይደለሁም፣ እርግጠኛ ሳልሆን መድኃኒት አልጀምርላትም። አዲስ አበባ የአንጎል ምርመራ መሣሪያ አለ፤ ለመስከረም ወረቀት እጽፍላችኋለሁ። ከባሰ ቀድማችሁ ኑ። እስከዚያ ሰከንድ አልፈልግም። በመጣ ቁጥር አንዲት ጭረት ይበቃል።”

ካርዷ ላይ ሌላ የጥያቄ ምልክት አደረገ። አሁን ሁለት ሆኑ። ዕድገት ነው።

ከዚያ ብዕሩን ዘጋና፣ “እናንተስ? ትተኛላችሁ?” አለን።

ማንም ጠይቆን አያውቅም። ለተማርያም “የጠመኔ አቧራ ነው” ብላ ዓይኗን ጠረገች። ጠመኔ በሌለበት።

ወደ ቤት ስንመለስ እሷ ናት ሐሳቡን ያመጣችው። “ትምህርት ቤት ተረኛ አስተማሪ አለን። ተረኛ ያልሆነ ሻይ ይጠጣል። እኛም እንደዚያ እናድርግ። አንድ ቀን አንተ፣ አንድ ቀን እኔ። ውሃና እሳቱን ሁለታችንም፤ ጭረቱን ግን ተረኛው ብቻ። ተረኛ ያልሆነ አይቆጥርም።”

“በልቤስ?”

“በልብህም።”


ቅዳሜ፣ ግንቦት 10

መስታወት ፊት ቆሜ ሌላ ፊት እለማመዳለሁ። ዓይን ረገብ፣ ግንባር ፈታ፣ ጥርስ ትንሽ። ለተማርያም በበሩ አየችኝ።

“ጥርስህን ነው ያመመህ?”

“ፈገግታ ነው።”

“ለማን ነው የምትስቀው፣ ለቀራጭ?” መጥታ አጠገቤ ቆመች። እሷም ሞከረች። የእሷም ያው ነው፤ ስም ስትጠራ የምታሳየው ፊት። እየተያየን ሳቅን። እሱን ነበር መያዝ፣ ግን ወዲያው ጠፋ።


ረቡዕ፣ ግንቦት 21

የሠሌዳው ሁለተኛ ግማሽ መጣ። የሌላ ቢሮ ነው። አቶ ሐምዳን “ይጠና” አለ፣ ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ “አሁን እዚሁ ነበርኩ” አለኝ።

ወይዘሮ ደራርቱ ደብዳቤ ጽፈዋል፣ በቁጥር። “ጉዳዩ፦ ሚስትህ ትስቃለች ወይ?” ይላል። መልስ አዘጋጀሁ። “ለ”ዋን በእጄ ጨመርኩ።


እሑድ፣ ሰኔ 2

ዝናብ። ከቆርቆሮው ሥር ሦስታችንም። ሩሐማ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣ የፍየሏን ታሪክ ታወራለች። የሻሿ ጉዳይ አላለቀም፤ ፍየሏ አሁን ደግሞ የጋሽ ማህጁብን ቆብ በልታለች።

“…ጋሽ ማህጁብ ሮጠ፣ ፍየሏም ሮጠች፣ ከዚያ…”

ሄደች። እጇ አየር ላይ። ሽፋሽፍቷ ይርገበገባል። እንደ ድሮው ፈራሁ። ይህን መከልከል አልቻልኩም፤ ፊቴን ግን ቻልኩ። እንዳልዘል ካለሁበት ንቅንቅ አላልኩም። እጄ ጀርባዋ ላይ ነው። ያ ቆብ የሌለው የጋሽ ማህጁብ ራስ ትዝ አለኝ፣ በዝናብ ፍየል ሲያባርር… መስታወቱ ያልሰጠኝ ሳቅ ሳላስበው መጣ።

ተመለሰች። አየችኝ።

“ለምን ትስቃለህ?”

“ስለመጣሽ።”

ትንሽ አሰበችበት። ተስማማት መሰለኝ፣ እሷም ሳቀች። “…ከዚያ ጭቃው ላይ ወደቀ” አለችና ቀጠለች።

ስንት ሰከንድ ነበር? እኔ እንጃ። ዛሬ ተረኛዋ ለተማርያም ናት።